ለሰው ልጅ የሚበቃ ቅጠል

ኅዳር 6 ቀን

ይድረስ ርቀሽ ላለሽው የእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ሥራው እንዴት ይዞሻል? ብርዱንስ ቻልሽው? እኛ ተመስገን ነው። ከመቆም ብዛት ወገቤ ከሚያጉረመርም በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትምህርት ቤት እያወራች ሄዳ እያወራች ትመለሳለች። “ወሬኛዋ” የሚለው ስም ጸንቶባት ከደንበኞቼ መካከል በስሟ የሚጠራት የለም። አትደውዪ ስልሽ እሺ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ። ድምፅሽን በሰማች ቁጥር ለቀናት እህል አልቀምስ ትል ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብላት ግን ፈገግ ብላ ትተኛለች።

ሱቁን እንደተውሽው ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ያቺው ቶንዶስ። ሬዲዮኑ ሲመታ ያወራል፣ ካልመታሁት ያኮርፋል። መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ደንበኛ ሁሉ ስንጥቁን እየሸሸ አንገቱን ስለሚያዘነብል ፀጉሩ ተንጋዶ ይቆረጣል፤ ከዚያ ጥፋቱ የኔ ይሆናል።

አሁን በአንድ ጉዳይ ላማክርሽ ነው። የአንድ ደንበኛዬ ልጅ ጭንቅላቱ ላይ ጭርት ወጥቶበታል። መጀመሪያ ሳንቲም የምታክል ክብ ነበረች፤ አሁን ጎረቤት አበጅታለች። ፀጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ ቦታው ቅርፊት ይዟል፣ በእንቅልፍ ልቡም ያከዋል። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለጭርት የምትቀባው ቅጠል ትዝ ይልሽ ይሆን? ያ ከሱቁ ጓሮ ከውኃ ታንከሩ ሥር የሚበቅለው፣ ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ “የጭርት ቅጠል” የምንለው። እሷ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ በቫዝሊን ለውሳ ነበር የምትቀባው። እኔም እንደሷ አድርጌ ሞከርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ያንቺ ሥራ ደግሞ ይኸው አይደል? ቅጠላ ቅጠሉን እየሞከራችሁ ፈንገስ የሚገድለውን ከማይገድለው መለየት። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ከእርጥቡም ከደረቁም ልኬልሻለሁ። እስቲ በጥሞና እዪልኝ።

ፎቶዋን ላክልኝ ላልሽው፣ ፎቶ አንሺው ካሜራው ተበላሽቶበት ነው። ሲያሠራ እልክልሻለሁ።

የያዝሽው ይቃናልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ ጋሼ፣

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወገብዎ ዛሬም ያጉረመርማል? ደንበኛ በሌለ ጊዜ እንኳ ወንበሩ ላይ እርስዎ ይቀመጡበት። ልጄን እንደ ዓይንዎ ብሌን ስለሚጠብቁልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም፤ እድሜ ይስጥልኝ።

የላኩት ሰው ፖስታውን በሬ ድረስ አመጣልኝ። ስከፍተው የሱቁ ጓሮ ሸተተኝና ሆዴ ባባ። እኔ እዚህ የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ሥራዬ ረዳትነት ነው፤ ዕቃ አጥባለሁ፣ የፈንገሱን ቀለብ አፍልቼ በክብ ሳህን እያፈሰስኩ አረጋለሁ። ፈንገስ እየቀለበች የምትኖር ሴት ቢሉኝ አልቀየምም።

ቅጠሉን አለቃዬ በሌለበት በተረፈ ሳህን ላይ ሞከርኩት። የደረቀውን ዱቄት ባደረግሁበት በኩል ፈንገሱ ምንም ሳይመስለው በላዩ በቀለ። በሌላው በኩል ግን የእርጥቡ ቅጠል ጭማቂ ያረፈበት ዙሪያው ጥርት ብሎ ቀርቷል፤ አንዲት ነጥብ አልበቀለችም። ጋሼ፣ ጭማቂው ድምጥማጡን አጥፍቶታል። አጠገቤ የምትሠራውን ልጅ ጠርቼ “የአያቴ ቅጠል ነው” ብዬ ጉራዬን ነፋሁባት። በዚህ ክፍል ውስጥ የኔ የምለው ነገር ሳሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ለደንበኛዎ ይንገሩት፤ ቅጠሉን ያበላሸው ማድረቁ ነው፣ ዋናው ጭማቂው ነው። ይሞክሩለት፣ ምን ይጎዳዋል።

የላክሁላት የፀጉር ማሰሪያ ደረሳት? ቀዩ ለሥራ ቀን፣ ቢጫው ለእሑድ ብዬ ነው። ሹሩባዋ ትከሻዋን አልፎ ይሆናል። ያ ካሜራ ካልተሠራ ሌላ ፎቶ አንሺ ይፈለግልኝ፣ በሞቴ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣ ልጅዎ

ጥር 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ ባለንበት አለን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አያትሽ ብትሰማ ምን ትል ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጁ ብሶበታል። እንዳልሽው እርጥቡን ቅጠል ወቅጬ፣ በነጠላ ጨርቅ ጨምቄ፣ በጠርሙስ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫለሁ። እስካሁን አልቀባሁትም። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ጣቴ ላይ ፈስሶ ሲያሳክከኝ ዋለ። ትንሽ ልጅ ላይ ይከብድ ይሆን?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በቀልድ አታሳልፊው። ያንቺ ልጅ ብትሆን ትቀቢያት ነበር?

ማሰሪያዎቹን እጅግ ወዳቸዋለች፤ ሁለቱንም እጇ ላይ አስራቸው ትውላለች። ፎቶውን በተመለከተ፣ ሰሞኑን ጉንፋን ይዟት ፊቷ ከሳ ብሏል። ሲመለስላት ትነሳለች።

ሰላም ዋዪልኝ።

አጎትሽ

የካቲት 9 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ስናጥብ ሰነበትን፤ እጄ ብዕር መያዝ አቅቶት ነበር። ጤናዎ እንዴት ነው?

ጥያቄዎን ሳነብ ሳቅሁ። የኔ ልጅ ብትሆንማ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነበር የምወስዳት። ራስ ላይ የወጣ ጭርት ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ የሚዋጥ ክኒን ይፈልጋል ይላሉ እዚህ። ለደንበኛዎ ልጅ ግን ቅጠሉ ይበቃዋል፤ አባትየውም ክሊኒክ ከመመላለስ ይገላገላል። እርስዎ ደግሞ ለሰው ልጅ መጨነቅ ልማድዎ ነው። ጉንፋን የያዛትን የራስዎን ልጅ አስቀምጠው ለሰው ልጅ ጭርት እንቅልፍ ያጣሉ።

ደብዳቤውን አሽጌ ከጨረስኩ በኋላ መልሼ ከፈትኩት። አጠያየቅዎ አላማረኝም። ወሬኛዬ ደህና ናት አይደል? እባክዎ ቶሎ አንድ ቃል ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ሚያዝያ 4 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

አስቀድሜ፣ ልጅሽ ደህና ናት። ሰላምታውን ትቼ ይህን ያስቀደምኩት እዚህ ጋ ቆም ብለሽ እንድትተነፍሺ ነው።

የደንበኛዬ ልጅ ያልኩሽ እሷ ናት። ወንድ ልጅ አስመስዬ ጻፍኩልሽ። ሹሩባ የምትሠራላት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሌላ ሰፈር ገባች። እኔ ደግሞ የምችለው መቁረጥ እንጂ መሥራት አይደለም። ሁለት ቀን ታግዬ አለቀሰችብኝ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ በቶንዶሱ አሳጠርኩላት። ከሷ በፊት የተላጨው ልጅ ጭንቅላቱ ላይ ጭርት ነበረበት። አይቼዋለሁ። ቶንዶሱን ፈትቼ በአልኮል ማጠብ ሲገባኝ፣ ሰው ስለተሰለፈ በጨርቅ ጠረግ አድርጌ ቀጠልኩ። ክሊኒክ ልወስዳት ስነሳ ከየት ያዛት ሊሉኝ ነው፤ ከፀጉር ቤቱ መባሉ አይቀርም፤ ሰፈሩ በአንድ ቀን ያውቃል። ሱቁን ፈራሁለት። ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩ፣ ያውም ዋሽቼ።

የየካቲት ደብዳቤሽ ሲመጣ እንዳልሽው አደረግሁ። ያንቺን ልጅ በነጋታው ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ቀና ብላ እንኳ ከየት ያዛት አላለችኝም። የሚዋጥ ክኒን ሰጡን፣ ለሳምንታት ዋጠች፣ አሁን ፀጉሯ ብቅ ብቅ ብሏል። ደግሞም እንዳልሽው፣ የሰው ልጅ ሲመጣ ቅጠሉን ቀባሁት።

አናጢውን ታውቂዋለሽ፣ የሱቄን በር የሠራልኝን። በዚያው ሳምንት ልጁን ይዞብኝ መጣ። ያው ጭርት ነው፣ ከዚያችው ከኔ ቶንዶስ የወጣ። ክሊኒክ ውሰደው የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልሼ ዋጥኩት። የእህቴ ልጅ በላብራቶሪ አይታዋለች ብዬ ደብዳቤሽን አወጣሁና “ጭማቂው ድምጥማጡን አጥፍቶታል” የሚለውን አነበብኩለት። ሰውዬው ደስታውን አልቻለውም፤ ቆሞ መረቀሽ። ምርቃቱን በጊዜው ላደርስልሽ ነበር፣ ሳላደርስ ቀረሁ።

ጠርሙሱን አውርጄ በጥጥ ቀባሁት። ልጁ ይለበልበኛል አለ። ሲሠራ ነው አልኩት። በጨርቅ ሸፍኜ ላክሁት። በማግስቱ ውኃ ቋጥሮ፣ ከዚያ ከጆሮው በላይ መዳፍ የምታህል ቆዳው ተገፈፈ። ቁስሉን ክሊኒክ አዳኑለት፤ ፀጉር ግን እዚያ ቦታ ላይ ዳግም አይበቅልም አሉት። አሁን ባርኔጣ አድርጎ ነው የሚማረው።

አናጢው አልተጣላኝም። ይባስ ብሎ እኔኑ ያጽናናኛል፤ “ቅጠሉ ሳይስማማው ቀርቶ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ” ይለኛል። ብቻ መንገድ ላይ ስንገናኝ የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ አያለሁ። ቅጠሉን ልነቅለው ጓሮ ወጥቼ ነበር፤ እሱ ምን በደለ ብዬ ተመለስኩ። አናጢው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ በዚያው ሳምንት ያንቺን ልጅ ክሊኒክ መውሰዴን ነው። ልንገረው ወይስ ሆዴ ውስጥ ይቅር? አንቺው ፍረጂኝ።

ሰላም ልልሽ አፈርኩ።

አጎትሽ

ሚያዝያ 28 ቀን

ለጋሼ፣

ደብዳቤዎን የሥራ ቤቴ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እሷ እንደነበረች ሳውቅ አጠገቧ ብሆን ኖሮ ብዬ እርስዎንም ራሴንም ረገምኩ። ቀጥዬ የአናጢው ልጅ ጋ ደረስኩ። ያን ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርዎ። “እንኳን እሷ አልሆነች” ነው ያልኩት። ድምፄን አውጥቼ ነው ያልኩት። የሰው ልጅ ራስ ተገፎ እኔ ደስ አለኝ ጋሼ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስለዋሹኝ ልቆጣዎ ብዕር አንስቼ ነበር። ግን ምን ብዬ? ወንድ ልጅ ነው ብለው ባይዋሹኝ ኖሮ እንዲያ ዓይነት ሰው መሆኔን መቼ አውቅ ነበር።

ጭማቂ ብዬ የጻፍኩልዎ ጭማቂ አልነበረም። ቅጠሉን በአልኮል ዘፍዝፌ አጠለልኩት። አልኮሉ ተንኖ ሲያልቅ የቀረውን በብዙ ውኃ በጠበጥኩት፤ ከሱም አንዲት ጠብታ ብቻ በወረቀት ቁራጭ ላይ አድርጌ ሳህኑ ላይ አሳረፍኩ። ለዚህ ነገር እዚህ የራሱ ስም አለው። በኛ ቋንቋ ምን እንደምለው ስላጣሁ፣ ለማብራራትም ስለሰነፍኩ፣ “ጭማቂ” ብዬ አለፍኩት። እርስዎ ደግሞ ጭማቂ ሲባል ማንም ሰው የሚገባውን ተረድተው ጨመቁ። ምን ያድርጉ።

ሌላም አውቅ ነበር። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር አለቃዬ የሚለው ነገር አለ፤ “ሳህን ላይማ ክብሪትም ፈንገስ ይገድላል” ይላል። ሳህን አይላጥም፣ ሳህን አያለቅስም ማለቱ ነው። እኔ የሞከርኩት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሳህን፣ ያውም ተደብቄ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ “ምን ይጎዳዋል” ብዬ ጻፍኩ። ልጁ የኔ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አልጽፍም ነበር፤ አልጻፍኩምም። ለኔ ልጅ ሐኪም፣ ለሰው ልጅ ቅጠል አልኩ። የሰው ልጅ ስንል ሰውን ሁሉ ማለታችን ነበር። እኔ ግን የኔ ያልሆነውን ማለቴ ነበር፤ እርስዎም በትክክል ገባዎት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ከሳህኑ ሥራ አውጥቶ ማጠቢያው ጋ ብቻ መደበኝ። ቢያባርረኝ ይቀለኝ ነበር። ስለልጁም የቆዳ ሐኪሞች ጠይቄያለሁ፤ ቆዳው እስከ ሥሩ ከተገፈፈ ተስፋ እንዳላደርግ ነገሩኝ።

ይንገሩት። ቅጠሉ ሳይስማማው ቀርቶ ነው እያለ መኖር የለበትም። የየካቲቱን ደብዳቤዬን ይውሰዱና ለኔ ልጅ ያልኩትንም ለሱ ልጅ ያልኩትንም ያንብቡለት። ሳያለዝቡ ያንብቡለት። ምርቃቱንም ይመልሱለት።

ልጅዎ

ግንቦት 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ዛሬ ሱቄን ዘግቼ አናጢው ጋ ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ የበር መቃን ይልግ ነበር። ቁጭ በል አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ቶንዶሱን ሳላጥብ ስንቱን ልጅ እንደነካሁበት ነገርኩት። ልጅሽም ጭርቱ እንደነበረባት፣ በዚያው ሳምንት ክሊኒክ እንደወሰድኳትም ነገርኩት። ከዚያ ደብዳቤሽን አወጣሁ።

ሳነብለት መላጊያውን አላቆመም ነበር። “የኔ ልጅ ብትሆንማ” የሚለው ጋ ስደርስ ቆመ። ቀጥሎ ያለውንም አነበብኩለት። ድገመው አለኝ። ደገምኩት። ምርቃቱንም መልስለት ብላኛለች አልኩት፤ እሱን የሰማም አልመሰለኝ።

መቃኑ ላይ የቀረውን ፍቅፋቂ በመዳፉ ጠረገ፣ መልሶ ጠረገ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

“ልጅቷስ?” አለኝ። “ዳነች?”

ሽሙጥ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። ሽሙጥ አልነበረም፤ መልሴን እየጠበቀ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ድናለች የምትለዋ አንዲት ቃል ግን አልወጣ አለችኝ።

አጎትሽ